ስለ በረደ ትጋትና ስለ ምስለ አይሮፕላን ሥራ

አባ እንጦንስ በበረሃ ተቀምጦ ሳለ ሀኬት ያዘው፤ አሳቡም ጨለመበት። ምን ላድርግ ብሎ ወደ እግዚአብሔር በለመነ ጊዜ፥ ራሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፥ ከዚያም ተነሥቶ ሲጸልይ፥ እንደ ገናም ተቀምጦ ሲጐነጕን አየ። ያም ሰው እርሱን እንዲያጸና የተላከ መልአክ ነበረ። ይህ በአበው ዜና ውስጥ የታወቀ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ መልአኩ ስለ ትጋት ረጅም ስብከት አልሰበከለትም፤ እጁ ሲሠራ አሳየው እንጂ።

ይህን ታሪክ ማንሣታችን ስለ ምንኵስና ለመጻፍ አይደለም፤ ለብዙ ሰው የልጅ ጨዋታ መስሎ ስለሚታይ አንድ ሥራ ለመናገር ነው። ይኸውም የታላቁን አይሮፕላን መልክና ልክ በትንሹ እየቀነሱ ከእንጨት፥ ከወረቀትና ከቆርቆሮ የሚሠሩት ምስለ አይሮፕላን ነው። የሚስቅ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ይህ ሥራ በብዙ ፍቅር ተጀምሮ በድንገት የሚበርድ ሥራ ነውና፥ ፍቅሩ ስለ ምን እንደሚጠፋና በምን እንደሚመለስ መመርመር ለመምህርም ለወላጅም የሚጠቅም ይመስለናል።

የጂንካ ከተማ አይሮፕላንን የምታውቀው ከሩቅ አይደለም። ሣር የለበሰው የቀድሞው የማረፊያ ሜዳ በከተማይቱ መካከል ነበረ፤ ቤቶችም ዙሪያውን ከበውት ነበር፤ አይሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ከብት ይሰማራበት፥ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበት ነበር። ዛሬ አስፋልት የለበሰ ማረፊያ አለ፤ ስሙም እስካሁን ከጂንካ አስቀድማ የአገር ግዛት መቀመጫ በነበረችው በባኮ ይጠራል። የመኪና መንገድ በክረምት ሲበላሽ ደቡብ ኦሞን ከአዲስ አበባ ጋራ የሚያገናኛት ይኸው ሜዳ ነበር፤ ስለዚህ የጂንካ ልጅ ሠረገላ ከማየቱ በፊት አይሮፕላን አየ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ያየውንም ዝም ብሎ አይተወውም። ከበቆሎ አገዳና ከቀርከሃ አካሉን፥ ከጣሳ ቆርቆሮ ክንፉን አድርጎ፥ በነፋስ የሚዞር መዘውር በአፍንጫው ላይ ተክሎ እየሮጠ ያበርረዋል። ነገር ግን ዐሥራ አራት ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት በሞላው ጊዜ የጀመረው ሁሉ በግማሽ ቀርቶ ከጣራው ሥር አቧራ ይለብሳል።

ይህ መብረድ የጂንካ ልጅ ብቻ አይደለም። አይሮፕላንን ለዓለም ያስገኙት ሁለቱ ወንድማማቾች፥ ዊልበርና ኦርቪል ራይት፥ ከዚህ የባሰ መብረድ ደርሶባቸው ነበር።

ነገሩ ከአንድ ፈረንሳዊ ወጣት ይጀምራል። አልፎንስ ፔኖ የተባለው ይህ ሰው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1871 በፓሪስ በቱይለሪ አትክልት ቦታ፥ በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል የሚሄድ ትንሽ ምስለ አይሮፕላን በሰው ፊት አበረረ። ምስሉም 11 ሰኮንድ ያህል በአየር ቆይቶ 40 ሜትር ያህል ሄደ። የዚያ ዘመን ሊቃውንት በራሱ ሚዛን ጸንቶ የሚበር ነገር ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበረ። ፔኖ ከዚያ በኋላ ሰው የሚይዝ ትልቅ አይሮፕላን ነደፈ፤ ዳሩ ግን ገንዘብ የሚሰጠው፥ አይዞህ የሚለውም አጣ። በ1880 ተስፋ ቈርጦ በ30 ዓመቱ በገዛ እጁ ሞተ። ፍቅሩ ሲበርድ ያየለት ወዳጅ አልነበረውም።

የእርሱ መጫወቻ ግን ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ደረሰ። ሚልተን ራይት የተባለ የአንድ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ በ1878 ከመንገድ ሲመለስ ከቀርከሃ፥ ከቡሽና ከወረቀት የተሠራች፥ በላስቲክ የምትነሣ ትንሽ መጫወቻ ለልጆቹ ይዞ መጣ። ዊልበር የ11፥ ኦርቪል የ7 ዓመት ልጆች ነበሩ። ጳጳሱ መጫወቻ ይዞ በመምጣቱ ክብሩ እንዳልተቀነሰ ልብ ይሏል። መጫወቻይቱ በተሰበረች ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው ሌላ ሠሩ፤ ከዚያም አስበልጠው ሠሩ፤ ነገር ግን ባስበለጡት መጠን መብረር እንቢ አላቸው። ምክንያቱን አላወቁም፤ የምስሉ ልክ እጥፍ ሲሆን የሚፈልገው ኃይል እጥፍ ብቻ ሳይሆን ብዙ እጥፍ መሆኑን የሚነግራቸው አልነበረም። ስለዚህ ተስፋ ቈርጠው በገመድ የሚበረረውን ወረቀት ወደ ማብረር ሄዱ፤ ይህንንም በኋላ ተዉት። የተዉበትንም ምክንያት ካደጉ በኋላ ራሳቸው ጽፈውታል፤ በእነርሱ ዕድሜ ላለ ልጅ የማይገባ ጨዋታ ነው ስለ ተባለ ነው።

እነሆ፥ መብረድ በሁለት በር ይገባል፤ አንደኛው ያልታወቀ ችግር ነው፥ ሁለተኛው የሰው አፍ ነው።

ኦቶ ሊሊንታል የተባለው ጀርመናዊ ሞተር በሌለው ክንፍ ሲበር ወድቆ በነሐሴ 1888 ዓ.ም. ሞተ፤ ይህም የዐድዋ ድል ከሆነ ከአምስት ወር በኋላ ነው። የሞቱ ወሬ የቀድሞውን ፍቅር በራይት ወንድማማቾች ልብ ቀሰቀሰው። ጥቂት ዓመት ቆይተው ትልልቅ ክንፎች ሠርተው በባሕር ዳር አሸዋ ላይ ይሞክሩ ጀመር። በ1901 የሠሩት ግን መጻሕፍት እንደ ተናገሩት ያህል አላነሣቸውም። ዊልበር በባቡር ወደ አገሩ ሲመለስ ሰው በእኛ ዘመን አይበርም ብሎ ለወንድሙ እንደ ነገረው ይተረካል። ነገሩ በዚህ ሊቀር ነበር።

ያዳናቸው ምን ነበር? በዚያው ዓመት በመስከረም ኦክታቭ ሻኑት የተባለው ሽማግሌ መሐንዲስ ዊልበርን በቺካጎ በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት እንዲናገር ጠራው። ለመናገር ሲዘጋጅ መጻሕፍቱ የሰጡት ቍጥር ስሕተት ይሆን ብሎ መጠራጠር ጀመረ። ወንድማማቾቹም ወደ ትንሹ ሥራ ተመለሱ። ርዝመቱ 1.8 ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ሠርተው በአንድ በኩል ነፋስ የሚያስገባ መዘውር አደረጉለት፤ ከቆርቆሮ የተቈረጡ ጥቃቅን ክንፎችን በውስጡ ሰቀሉ፤ የክንፉን ኃይል የሚለካውንም ሚዛን ከብስክሌት ሽቦና ከመጋዝ ስለት አበጁ። በጥቂት ወር ውስጥ እስከ 200 የሚደርስ የክንፍ ቅርጽ መረመሩ። ትልቁ ክንፍ ተስፋ ያስቈረጣቸውን ሰዎች መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ አስነሣቻቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም.፥ ኦርቪል 12 ሰኮንድ ያህል በረረ፤ የሄደበትም 36 ሜትር ያህል ነበረ። ከፔኖ ምስል በርቀት የሚያንስ ነው፤ ነገር ግን በላዩ ሰው ነበረበት።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አይሮፕላን ያየችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳዊው ማዬ ከጅቡቲ ይዞት የመጣ ፖቴዝ የተባለ ነበረ። በዚያው ወር መጨረሻ ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አይሮፕላን ደረሰ። በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ መንዳት ተምረው ነበር። አንድ ወጣት ከበቅሎ ላይ ወርዶ በአንድ ዓመት ጊዜ አይሮፕላን መንዳቱ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን መንዳት አንድ ነገር ነው፥ መሥራት ሌላ ነው።

የመሥራቱም ጊዜ መጣ። በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. መካከል፥ ጠላት በድንበር ቆሞ ጦሩን ሲያከማች፥ ሉድቪግ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስና የአገራችን ሠራተኞች በአዲስ አበባ ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ አይሮፕላን ሠሩ። የ115 ፈረስ ጕልበት ሞተር ነበረው። ስሙም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ "ፀሐይ" ተባለ። ልዕልቲቱ በኋላ በስደት በእንግሊዝ አገር ነርስነት የተማረች፥ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ ያረፈች ናት። አይሮፕላኑ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተነሣ፤ በጠቅላላውም 30 ሰዓት ያህል በረረ። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ ፀሐይም እንደ ምርኮ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፤ በመጨረሻም በሮማ አጠገብ በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአይሮፕላን ቤተ መዘክር ለማሳያ ቆመች።

በዚህ የጠፋው ብረትና እንጨት ብቻ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንደዚያ አንልም። የመጀመሪያውን የሠራ እጅ ሁለተኛውን ሲሠራ ስሕተቱን ያርማል፥ ሦስተኛውን ሲሠራ ደቀ መዝሙር ያወጣል፤ የተቈረጠው ይህ ተከታታይነት ነው። ከነጻነት በኋላ በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቁሞ አምስት የጦር ትርፍ የነበሩ አይሮፕላኖችን ገዝቶ ሥራ ጀመረ፤ መጋቢት 30 ቀንም በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጕዞ አደረገ። ይህ መሥሪያ ቤት በአፍሪካ ስመ ጥር ሆኗል፤ መካኒኮቹም በብዙ አገር ይታወቃሉ፤ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን አይሮፕላኑ ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። አገሩ በመብረር ሲተጋ በመሥራት በረደ።

ፀሐይ ከ88 ዓመት በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በዚያ ቀን ብዙ ሰው ስለ ምርኮ መመለስ ተናገረ፤ ተገቢም ነው። ለእኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስተን፥ ዛሬ አንድ ተማሪ በፊቷ ቆሞ ይህን አያቶቼ በእጃቸው ሠርተውት ነበር ለማለት መቻሉ ነው።

አሁን የጂንካን ልጅ ነገር እንደ ገና እናንሣ፤ በእርሱ ላይ ከራይት ልጆች የከፋ ሸክም አለበትና። ጂንካን የከበበው የአሪ አገር ነው። በአሪ ዘንድ ብረት ሠሪዎችና ሸክላ ሠሪዎች ከገበሬው ተለይተው ይኖሩ፥ ከእርሱም ጋራ አይጋቡም ነበር። በ2007 ዓ.ም. የታተመ የሊቃውንት ምርመራ ብረት ሠሪውና ገበሬው ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን፥ የለያያቸውም ከጊዜ በኋላ የመጣ መገለል መሆኑን ገልጿል። ይህ ነውር የአሪ ብቻ እንዳይመስለን፤ በመላ አገራችን ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፥ ሸማኔውን ቍጢት በጣሽ፥ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያሉ መስደብ የቈየ ክፉ ልማድ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም በዐዋጅ ከልክለውት ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ በየዓመቱ የምናነብ ሰዎች ቆርቆሮ የሚቈርጥ ልጅ ስናይ የቀጥቃጭ ሥራ ምን ያደርግልሃል የምንል ከሆነ፥ የልጁን ፍቅር ያበረደው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ አያሻም።

ሰው ቢስቅም የማይተው አለ። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ወገናችን መጻሕፍት እያነበበ፥ በኢንተርኔትም የሚታየውን እየተመለከተ፥ አንድ አይሮፕላን በገዛ እጁ ሠራ። በ2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክር አልተነሣለትም። ብዙ ሰው ወሬውን የጨረሰው እዚህ ላይ ነው፤ እርሱ ግን ጕድለቱን አይቶ ደግሞ ለመሞከር ተነሣ።

እንግዲህ ከጣራው ሥር በግማሽ የቀረ ምስል ያለው ጎልማሳ ቢኖር፥ ፍቅሩ እስኪመለስ ድረስ አይጠብቅ፤ ፍቅር በመቀመጥ አይመለስም። የቀረውንም ትልቅ ሥራ ወዲያው አያንሣ፤ እርሱ ያደከመው ነውና። መዳፍ የምታህል አንዲት ምስል በአንድ ምሽት ሠርቶ ይጨርስ። አካሏ የቀርከሃ ስንጥር፥ ክንፏ ስስ ወረቀት ይሁን፤ የክንፏ ጫፎች ጥቂት ሽቅብ ይታጠፉ፤ በኋላዋም ትንሽ ጅራት ይኑራት፤ ይህ የፔኖ ብልሃት ነው። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ፥ በሣር ሜዳ ላይ፥ በኃይል ሳይሆን ቀስ ብሎ ይልቀቃት። ሽቅብ ወጥታ ወደ ኋላ ከወደቀች በአፍንጫዋ ላይ ጥቂት ጭቃ ይለጥፍላት፤ አቈልቍላ ከወደቀች ደግሞ ይቀንስላት።