ቄብ ዶሮዎች የሚጥሏቸው የመጀመሪያ እንቁላሎች የቅርፊት ቀለምና ገጽታ

በመካነ ሰላምና በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ደጋማ ወረዳዎች የጓሮ ዶሮ እርባታ ከእርሻ ሥራ ጎን ለጎን የሚከናወን፣ በአብዛኛው በሴቶች እጅ የሚገኝና ለዕለት ወጪ ፈጥኖ የሚደርስ የገቢ ምንጭ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የተሻሻለ ዝርያ ያላቸውን ዶሮዎች በቤተሰብ ደረጃ ማስፋፋትን ያካትታል። ቄቦች መጣል ሲጀምሩ በእንቁላሉ ቅርፊት ላይ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የበሽታ ምልክት አይደለም። ይሁን እንጂ ጤናማዋ ቄብ ያለጊዜዋ እንዳትሸጥ፣ በሽታም ተዘንግቶ መንጋውን እንዳይጨርስ፣ ጊዜያዊውን ልዩነት ከአሳሳቢው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቅርፊት ቀለም መነሻ

የቅርፊትን ቀለም በዋናነት የሚወስነው የዶሮዋ ዝርያ ነው። ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን ቡናማ፣ ነጭ ሌግሆርን ነጭ፣ የአገር ውስጥ ዶሮዎች ደግሞ በአብዛኛው ነጭ ወይም ወደ ክሬም የሚያደላ እንቁላል ይጥላሉ። ቅርፊቱ በአመዛኙ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ ተሠርቶ ለመጠናቀቅ 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ቡናማው ቀለም በብዛት የሚያርፍበት በመጨረሻዎቹ ሰዓታት በመሆኑ፣ በዚህ ጊዜ ውሻ ወይም ጭልፊት ያስደነገጣት ዶሮ ቀለሙ የደበዘዘ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

የቅርፊት ቀለም የእንቁላሉን የምግብ ይዘት አያመለክትም። የአስኳሉ ቢጫነት ግን ዶሮዋ ከምትመገበው ቅጠላ ቅጠልና ቢጫ በቆሎ የሚገኝ ነው። በመሆኑም ነጩን «የሐበሻ»፣ ቡናማውን «የፈረንጅ» ብሎ በቅርፊቱ ብቻ መለየት አስተማማኝ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጠበቁ ልዩነቶች

የተሻሻለ ዝርያ ያላቸው ቄቦች በ5 ወር ዕድሜ ገደማ፣ የአገር ውስጥ ዝርያዎች ደግሞ ዘግየት ብለው መጣል ይጀምራሉ። የመራቢያ አካላቸው ሥራውን እስኪለምድ ድረስ የሚከተሉት ሊታዩ ይችላሉ፦

• መጠኑ ያነሰ፣ አስኳል የሌለው ወይም ሁለት አስኳል ያለው እንቁላል፤
• ቅርፊቱ የለሰለሰ ወይም ጨርሶ ያልተሠራ እንቁላል፤
• በቅርፊቱ ላይ የሚታይ ቀጭን የደም ጭረት፤
• ትርፍ ካልሲየም የፈጠራቸው ሻካራ ነጥቦች።

ትኩረት የሚሹ ምልክቶች

ለስላሳ ወይም ስስ ቅርፊት ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከቀጠለ የካልሲየም እጥረት ሊሆን ይችላል። መካከለኛ መጠን ያለው እንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ስለሚይዝ፣ ስንዴ፣ ገብስ ወይም ማሽላ ብቻ የምትመገብ ዶሮ ይህን ያህል ማግኘት አትችልም። የደም ጭረቱ ከበዛ ወይም ከቀጠለ፣ ዶሮዎች እርስ በርስ እየተናከሱ እንደሆነ መመርመር ይገባል።

የመንጋው ምርት በድንገት ካሽቆለቆለ፣ ቅርፊቶቹ ከደበዘዙና ቅርጻቸው ከተዛባ፣ በተጨማሪም የመተንፈስ ችግር፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ወይም የአንገት መጠምዘዝ ከታየ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ሳይውል ሳያድር ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መነገር አለበት። የታመመን ዶሮ ወደ ገበያ ማውጣት በሽታውን ወደ ሌሎች መንደሮች ያዛምታል።

ከአርቢው የሚጠበቁ ተግባራት

• መጣል ለጀመሩ ዶሮዎች የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ወይም ተቀቅሎ፣ ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በተለየ ዕቃ ማቅረብ፤ ለጫጩቶች ግን ኩላሊታቸውን ስለሚጎዳ አለመስጠት፤
• ንጹሕ ውኃና ጸጥ ያለ መጣያ ጎጆ ማዘጋጀት፤
• በቢሾፍቱ የሚመረተውን የፈንግል ክትባት ባለሙያ በሚያወጣው መርሐ ግብር መሠረት ማስከተብ፤
• እንቁላልን በየዕለቱ መሰብሰብ፤ ቅርፊቱን የሚጠብቀው ስስ ሽፋን እንዳይነሳ ሳያጥቡ በደረቅ ጨርቅ ማጽዳት። ይህ በተለይ በዐቢይ ጾም ገበያው ሲቀዘቅዝና እንቁላል ለቀናት ሲቆይ ይጠቅማል፤
• የተሰነጠቀውን ሳያቆዩ፣ በሚገባ አብስሎ መመገብ።

አዲስ መጣል የጀመረችን ቄብ ከመሸጥ ወይም ከማረድ በፊት ጥቂት ሳምንታት ታግሶ መከታተል፣ ምልክቱ የበረታ እንደሆነም ባለሙያ ማማከር የቤተሰቡን ገቢ ከአላስፈላጊ ኪሳራ ይጠብቃል።