የሆስታው ባዝሮች ዜና

በ1937 ዓ.ም. ሚያዝያ 20 ቀን፣ የሂትለር መንግሥት ሊፈርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በቦሄሚያ ምድር ሆስታው በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረው የጀርመን ጦር የፈረስ ማርቢያ ከነባዝሮቹና ከነውርንጭሎቹ ለአሜሪካ 2ኛ ፈረሰኛ ክፍል እጁን ሰጠ። ያ ክፍል በስም ፈረሰኛ ይባል እንጂ ፈረሱን በታንክና በብረት ለበስ መኪና ከለወጠ ቆይቶ ነበር። በማርቢያው ከነበሩት መካከል ከ200 የሚበልጡት ሊፒዛነር የሚባለው ዘር ናቸው፤ ብዙዎቹም ቪየና ላለው የስፔን ግልቢያ ትምህርት ቤት ድንጉሎቹን የሚወልዱለት እናቶች ነበሩ። ይህ ዜና ሲወራ ግን ዘወትር የሚነሣው የአሜሪካዊው ጄኔራል የጆርጅ ፓተን ስም ነው። ነጫጮቹ ድንጉሎች በፊታቸው ሲሰግሩ አይተው ልባቸው ተነካ፣ ዘሩንም አዳኑት ይባላል። ዘመኑን ቀን በቀን ለሚከተል ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዘሩ የዳነው በባዝሮቹ መዳን ነው፤ ባዝሮቹም የዳኑት ከጋጣቸው በማይለዩት ጠባቂዎቻቸው ድፍረት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እ.ኤ.አ. በ1580 የኦስትሪያው አርክዱክ ካርል ዛሬ ስሎቬኒያ በሚባለው አገር፣ በሊፒካ፣ ማርቢያ አቆመ። ከዚያ የወጣው ፈረስ ሲወለድ ዳማ ወይም ጉራች ሆኖ ነው የሚወለደው፤ ጠጉሩ ዓመት በዓመት እየነጣ ከስድስት እስከ ዐሥር ዓመት ባለው ጊዜ አምባላይ ይሆናል። ድንጉላውም በሁለት ስም ይጠራል፤ የፊተኛው የአባቱ ሐረግ፣ የኋለኛው የእናቱ ስም ነው። የትምህርት ቤቱ አለቃ ኮሎኔል አሎይስ ፖድሃይስኪ ይጋልቡት የነበረው ኔአፖሊታኖ አፍሪካ፣ ኔአፖሊታኖ ከሚባለው ሐረግ አፍሪካ ከምትባል ባዝራ የተወለደ ማለት ነው። እናትን ከዘር ቆጠራ የማያወጣ ሥርዓት ነው፤ ምክንያትም አለው። ጥቂት ድንጉላ ብዙ ባዝራ ያስረግዛል፤ ባዝራ ግን ዐሥራ አንድ ወር ተሸክማ አንድ ብቻ ትወልዳለች። ባዝሮቹ ካለቁ የቪየና ድንጉሎች ሕዝብ እያስደነቁ ያረጁ ይሆናል እንጂ የሚተካቸው አይኖርም።

ከጦር ሽሽት ለዚህ ዘር አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1797 ከናፖሊዮን ሸሽቶ ወደ ሃንጋሪ ተሰዷል፤ በ1915ም ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ስትገባ እኩሌታው ወደ ላክሰንበርግ እኩሌታው ወደ ክላድሩብ ሄዷል። ያኔ መንጋው መከፈሉ አንዱ ወገን ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ያደርግ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የጀርመን የፈረስ እርባታ የበላይ ጉስታቭ ራው ለጦር የሚሆን አንድ ዓይነት ፈረስ ላርባ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1942 የኦስትሪያን ባዝሮች ከፒበር ማርቢያ አንሥቶ ወደ ሆስታው ወሰደ። ከዩጎዝላቪያ ነገሥታት ጋጣ የተወሰዱት፣ ከፖላንድ ያኖቭ የተዘረፉት የዓረብ ፈረሶች፣ በኋላም የሊፒካ መንጋ ራሱ በዚያው ተከማቹ። ፖድሃይስኪ የራውን አረባብ ተቃውመው ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ስለዚህ ባዝሮቹን ለጥፋት ያጋለጣቸው የጦርነት ዕጣ ብቻ አይደለም፤ የሰው ትምክህት ነው። በ1937 ዓ.ም. በአውሮፓ የብርድ ወራት ቡዳፔስት ስትከበብ የተራበው ሰው የፈረሰኛውን ጦር ፈረሶች አርዶ በልቶ ነበርና፣ ግንባሩ ወደ ሆስታው ሲጠጋ ምን ሊመጣ እንደሚችል ጠባቂዎቹ ያውቁ ነበር።

ፖድሃይስኪ ድንጉሎቻቸውን ቪየና ከመያዟ በፊት በባቡር አውጥተው በላይኛው ኦስትሪያ ወደምትገኘው ወደ ሳንክት ማርቲን አደረሱ። ከተማይቱም ሚያዝያ 5 ቀን በሶቪየት ጦር እጅ ወደቀች። ሆስታው ላይ ግን አለቃው ሁበርት ሩዶፍስኪ በወታደር መሐላና በፈረሶቹ ሕይወት መካከል ተይዞ ነበር። ያን ጊዜ አንድ የጀርመን የስለላ መኮንን የፈረሶቹን ነገር ለአሜሪካ 2ኛ ፈረሰኛ ክፍል አዛዥ ለኮሎኔል ቻርልስ ሪድ ገለጠ። ከማርቢያው ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ሩዶልፍ ሌሲንግ በፈረስ ተነሥቶ ጫካውን አቋርጦ ወደ ጠላት ወገን ሄደ፤ ሲመለስም ካፒቴን ቶማስ ስቱዋርት የሚባል የአሜሪካ መኮንን ይዞ በሌሊት መጣ። ይህን ጉዞ ላንድ አፍታ እናስተውለው። ሐኪሙ በገዛ ወገኑ ቢያዝ የከዳተኛ ሞት ይሞታል፤ አሜሪካዊውም ከጠላቱ ጎን ሆኖ በማያውቀው ምድር በጨለማ ይጋልባል። ሁለቱን ያገናኛቸው ምጣቸው የደረሰ ባዝሮችና ገና ወተት የሚጠቡ ውርንጭሎች ነበሩ።

«ፓተን ባይፈቅዱ ሪድ አይሄድም ነበር» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ፈቃዱን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ድንጉሎቹ በሳንክት ማርቲን ለፓተንና ለአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ምክትል ለሮበርት ፓተርሰን የታዩት ሚያዝያ 29 ቀን ነው። ሆስታው እጅ ከሰጠች ዘጠኝ ቀን አልፏል። ከትዕይንቱ የተገኘው ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው ጥበቃ ነው፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለም። ፓተን ራሳቸው ፈረሰኛ ቢሆኑም አውሮፓ በጦርነት ስትነድ ጎልማሶች ፈረስ በማሠልጠን መጠመዳቸው እንግዳ እንደሆነባቸው በማስታወሻቸው ጽፈዋል። በሩን ከውስጥ የሚከፍት ባይኖር ደግሞ የጄኔራሉ ፈቃድ በፍልሚያ እንጂ በሰላም አይፈጸምም ነበር፤ በፍልሚያም መካከል ባዝራ አይተርፍም።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ አለ። በቦሄሚያ ድንበር አጠገብ የነበረው የፍሎሰንቡርግ የማጎሪያ ካምፕ ነፃ የወጣው ሆስታው እጅ ከመስጠቷ አምስት ቀን በፊት ነው። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ስለ ፈረስ መድከም ምን ይባላል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊነቀፍ አይገባም። የሆነውን ለመናገር ግን፣ በዚያው ዘመቻ በሆስታው ተይዘው የነበሩ የተባባሪዎቹ አገሮች የጦር ምርኮኞችም ነፃ ወጥተዋል። ቆይቶ የሂትለር ኤስ ኤስ ጦር ባደረሰው ጥቃት ሁለት የአሜሪካ ወታደሮች ወደቁ። የእነርሱን ሞት በባዝሮች ቁጥር የሚያካክስ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም አላካክስም። የምለው፣ ባዝሮቹን ትቶ መሄድ በፍሎሰንቡርግ ለነበረ ለአንድም ሰው ሕይወት አይጨምርም ነበር ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ግንቦት 4 ቀን መንጋው ወደ ባቫሪያ ጉዞ ጀመረ። ነፍሰ ጡሮቹና ጨቅላዎቹ በካሚዮን ተጫኑ፤ የቀሩት በእግራቸው ተነዱ። የፒበር ባዝሮች ወደ ፖድሃይስኪ ተመለሱ፤ ትምህርት ቤቱም ወደ ቬልስ ከተማ ተሰድዶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1955 ቪየና ገባ። ሌሎቹ እንዲህ አልቀናቸውም። ዊቴዝ የተባለው የያኖቭ የዓረብ ድንጉላና ሌሎችም እንደ ምርኮ ተቆጥረው በመርከብ ወደ አሜሪካ ተወሰዱ፤ ለፖላንድ ይህ ሁለተኛ ዝርፊያ እንጂ መዳን አልነበረም። ዘሩ ወደተጀመረባት ወደ ሊፒካም እ.ኤ.አ. በ1947 የተመለሱት 11 ፈረሶች ብቻ ነበሩ፤ ማርቢያውም እንደገና እርባታውን የጀመረው በእነዚያ ነው።