የተማሪ ፍቅርና የመምህር ወሰን፤ ከአውሮፓ ታሪክ ሁለት ምሳሌዎች

ተማሪ መምህሩን መውደዱ አዲስ ነገር አይደለም። ዕውቀት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሰው አንደበትም የሚቀበሉት ስለ ሆነ፣ የተቀባዩ ልብ ከስጦታው ወደ ሰጪው ማዘንበሉ የተለመደ ነው። ይህ መውደድ ብዙውን ጊዜ አክብሮት ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከአክብሮት አልፎ የፍቅርን መልክ ይይዛል። ብዙ ሕዝቦች ይህን ስለሚያውቁ በመምህርና በተማሪ መካከል የልማድ አጥር አቁመዋል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪው መምህሩን በስሙ ሳይሆን «የኔታ» ብሎ መጥራቱ ከዚህ አጥር የሚቈጠር ነው። ነገር ግን አጥሩን የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ማን ነው? ተማሪው ነው ወይስ መምህሩ? ከዚህ በታች የሚተረኩት ሁለት ታሪኮች ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፤ በመጀመሪያው ወሰኑ ፈርሷል፣ በሁለተኛው ተጠብቋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጴጥሮስ አቤላርድ በ1079 ዓ.ም. ገደማ በብሪታኒ ተወልዶ፣ በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በፓሪስ የሎጂክ መምህር ሆኖ ስሙ የገነነ ሊቅ ነበር። በዚያው ከተማ ፉልቤር የተባለ የኖትር ዳም ካቴድራል ካህን ይኖር ነበር፤ በላቲን ዕውቀቷ የታወቀችው ወጣት ኤሎዊዝም በእርሱ በአጎቷ ቤት ትቀመጥ ነበር። አቤላርድ በካህኑ ቤት ሊያድርና በትርፍ ጊዜው ሁሉ ኤሎዊዝን ሊያስተምር ተስማሙ። አጎቷም ብትሰንፍ እንዲቀጣት ጭምር ሥልጣን ሰጠው። አቤላርድ በ1132 ዓ.ም. ገደማ ስለ ደረሰበት መከራ በጻፈው ታሪክ፣ ወደዚያ ቤት የገባው ልጅቱን በእጁ ለማድረግ አስቀድሞ ዐስቦ እንደ ነበረ ሳይሸሽግ ይናገራል።

ኤሎዊዝ መምህሯን ከልብ ወደደችው። የፍቅራቸው ፍሬ የሆነ ወንድ ልጅም ተወለደ፤ ከዚያ በኋላ በምስጢር ተጋቡ። ፉልቤር ግን ተዋረድሁ ብሎ ቂም ስለ ያዘ፣ ሰዎቹ በሌሊት ገብተው አቤላርድን ሰለቡት። አቤላርድ መነኰሰ፤ እርሷም በእርሱ ትእዛዝ ከእርሱ አስቀድማ በአርዣንተይ ገዳም ገባች። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ፍቅሯ እንዳልበረደና ምንኵስናውን የተቀበለችው ለእርሱ ስትታዘዝ እንደ ሆነ ይመሰክራሉ።

የኋላ ዘመን ሰዎች ይህን ታሪክ የታላቅ ፍቅር ታሪክ አድርገው ተቀበሉት። በ1817 ዓ.ም. የሁለቱ ዐፅም ነው የተባለው ወደ ፓሪሱ የፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ከተዛወረ ወዲህ መቃብሩ የፍቅረኞች መጐብኛ ሆኗል። ይሁን እንጂ የአቤላርድን ቃል በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ሁለት ነገሮችን ያገኛል። አንደኛ፣ ኤሎዊዝ እንቢ ባለች ጊዜ በማስፈራራትና በመምታት እንዳስገደዳት እርሱ ራሱ በኋላ በጻፈላት ደብዳቤ አምኗል። ለትምህርት የተሰጠው የመቅጣት ሥልጣን ለሌላ ነገር መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በዚያን ጊዜ ትምህርቱን ቸል ብሎ የቀድሞውን በልማድ ይደግም እንደ ነበርና ደቀ መዛሙርቱም እንዳዘኑ ይተርካል። ወሰኑ ሲፈርስ የተጐዳችው አንዲት ተማሪ ብቻ አልነበረችም፤ በጉባኤው የተቀመጡት ሁሉ መምህራቸውን አጡ።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ሰባት መቶ ዓመታት ያህል በኋላ በብሩክሴል የተፈጸመ ነው። በየካቲት 1842 ዓ.ም. የእንግሊዛዊ ቄስ ልጆች ሻርሎትና ኤሚሊ ብሮንቴ ፈረንሳይኛ ሊማሩ ወደ አንድ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ዐሳባቸው ወደ አገራቸው ተመልሰው የራሳቸውን ትምህርት ቤት ለመክፈት ነበር። የቤቱ ባለቤትና አስተዳዳሪ እመቤት ኤዤ ስትሆን፣ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ባሏ ኮንስታንቲን ኤዤ ነበር። በዚያን ጊዜ ሻርሎት 25 ዓመቷ ነበር፤ መምህሯ በሰባት ዓመት ያህል ይበልጣታል።

ኤዤ ቍጡ ግን ትጉህ መምህር ነበር። ከታላላቅ ደራስያን የተመረጠ ምንባብ ያነብላቸውና የአጻጻፉን ምስጢር ይተነትንላቸዋል፤ ከዚያም በዚያው ስልት የራሳቸውን ድርሰት እንዲጽፉ ያዝዛቸዋል። ድርሰቱንም ቃል በቃል እየመረመረ ያርመዋል፤ ትርፍ የሆነውንም ሳይራራ ይሰርዛል። ከልጅነቷ ጀምሮ በስውር ስትጽፍ ለኖረች ወጣት፣ ጽሑፏን በዚህ ያህል ትጋት የሚያነብላት ሰው መገኘቱ ታላቅ ነገር ነበር። በ1843 ዓ.ም. ብቻዋን ተመልሳ በዚያው ቤት እንግሊዝኛ ስታስተምር፣ አክብሮቷ ወደ ፍቅር እንደ ተለወጠ እመቤት ኤዤ ሳታስተውል አልቀረችም፤ መገናኘታቸውም እየተወሰነ ሄደ። ሻርሎት በ1844 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ከጻፈችለት ደብዳቤዎች አራቱ ዛሬ ይገኛሉ፤ የተጻፉትም በ1844 እና በ1845 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ደብዳቤዎች ኤዤን የምትጠራው «ሜትር» እያለች ነው። ይህ የፈረንሳይኛ ቃል፣ «የኔ ጌታ» ከሚለው እንደ ተገኘው «የኔታ» ሁሉ፣ መምህርነትንና ጌትነትን አንድ አድርጎ የያዘ ነው። ሻርሎት ብዙ እንደማትጠይቅና ጥቂት ወዳጅነት እንደሚበቃት ትጽፍለታለች። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ እንድትጽፍ የተወሰነውን ጊዜ ጠብቃ እንደ ቈየችም ትገልጻለች። የኤዤ መልሶች ዛሬ አይገኙም፤ በመጨረሻ ግን ዝም እንዳለ ይታወቃል። ከደብዳቤዎቹ ሦስቱ ተቀዳደው ነበር፤ እንደ ቤተ ሰቡ ትረካ የጣላቸው እርሱ ነው፣ አንሥታ የጠገነቻቸውም ሚስቱ ናት። በ1913 ዓ.ም. ልጆቻቸው ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጧቸው፤ በዚያው ዓመት በታይምስ ጋዜጣ ታትመው ወጡ።

የኤዤ ጠባይ እንከን የሌለበት ነበር ማለት አይቻልም። ዝምታው መራራ ነበር፤ ሻርሎትም ብዙ ተሠቃየች። ነገር ግን የተማሪዋን ድካም ለራሱ ጥቅም አላደረገውም፤ ያስተማራትንም መልሶ አልወሰደባትም። «ጄን ኤይር» በ1847፣ የብሩክሴልን ትዝታ የያዘው «ቪሌት» በ1853 ዓ.ም. ሲታተሙ የጸሓፊነት ሥራዋ የራሷ ነበር። ኤሎዊዝ ግን የኋላ ሕይወቷ መንገድ በመምህሯ ትእዛዝ የተወሰነ ነበር። ኀዘን በሁለቱም አለ፤ ልዩነቱ ከኀዘኑ በኋላ ለተማሪዋ በቀረላት ነጻነት ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ፍቅር ከምን እንደሚመነጭ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1915 ዓ.ም. በሌላ ሙያ አብራርቶታል። በሽተኛ ሐኪሙን ሲወድ ፍቅሩ የሚመነጨው ከሕክምናው ሁኔታ እንጂ ከሐኪሙ ውበት አይደለምና፣ ሐኪሙ በዚህ ሊኰራ አይገባውም፤ ፍቅሩን መቀበልም ሆነ በተግሣጽ ማፈን የለበትም አለ። ይህ ለመምህርም ይሠራል። ተማሪው የሚወድደው የተገለጠለትን ዓለም ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ግን መምህሩ ነው።

የቅርብ ዘመን ሕግም ወደዚህ ፍርድ መጥቷል። በብሪታንያ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ ቢፈቅድም እንኳ በዐደራ የተቀመጠበት መምህር ከእርሱ ጋር ግንኙነት ቢያደርግ ወንጀለኛ አደረገው። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ በ2010፣ የሀርቫርድ የሥነ ጥበባትና የሳይንስ ፋኩልቲም በ2015 ዓ.ም. መምህራን ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ጋር እንዲህ ያለ ግንኙነት እንዳይኖራቸው ከለከሉ። በእነዚህ ደንቦች ሁሉ ተጠያቂው ባለ ሥልጣኑ ነው።

ስለዚህ ከላይ ለቀረበው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው። የተማሪ ፍቅር ኀጢአትም መሳለቂያም አይደለም፤ ትምህርት በሕያው ሰው እስከ ተሰጠ ድረስ ሲወለድ ይኖራል። ውጤት የሚሰጠው፣ የሚያመሰግነውና የሚወቅሰው መምህሩ ስለ ሆነ ግን ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይቆሙም፤ የተማሪው ዕድሜ መብሰልም ይህን ልዩነት አያጠፋውም። እንግዲህ ወሰኑን ቀድሞ ማበጀት፣ በግልጽና በርኅራኄ ማስታወቅ፣ ትምህርቱንም ሳይቀንሱ መስጠት የመምህር ዕዳ ነው። ተማሪው ልቡን ሊያዝዘው ባይችል አይፈረድበትም፤ መምህሩ ግን እጁን ሊያዝዝ ግድ ነው።