በግጭት ዘመን ማደግ፦ ቡሌ ሆራና አካባቢው

ቡሌ ሆራ ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል ነበር። አዲስ አበባን ከሞያሌ በሚያገናኘው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የምዕራብ ጉጂ ዞን ዋና ከተማ ናት። ግጭት የልጅን ጠባይ እንዴት እንደሚለውጥ ለመረዳት ከዚህች ከተማ አካባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

በ2010 ዓ.ም. በምዕራብ ጉጂና በጌዴኦ ዞኖች አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ጉጂውም ጌዴኦውም፣ በድምሩ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ትናንት ፊደል የተቆጠረበት ክፍል ወለሉ መኝታ ሆነ። እንዲህ ባለ መጠለያ የአሥር ዓመት ልጅ ታናሹን አዝሎ፣ ጀሪካን ይዞ የውኃ ወረፋ ይቆማል። ሰው «ቶሎ ጎረመሰ» እያለ ያደንቀዋል። አድናቆቱ ግን የተነጠቀውን ልጅነት ሊሸፍነው አይገባም፤ ድንገት በር ሲንኳኳ የሚበረግገው፣ ሌሊት የሚቃዠው ያው ልጅ ነውና።

ተመራማሪዎቹ እነ ሚካል ባወር በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጦርነት ያዩ ሰዎች የመተጋገዝ ዝንባሌያቸው እንደሚጨምር፣ ይህም ይበልጥ ለራሳቸው ወገን እንደሚያደላ አሳይተዋል። ገበያና ጋብቻ ሲጋሩ ለኖሩት ለጉጂና ለጌዴኦ ልጆች ይህ ለራስ ወገን ማድላት ከባድ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል ተመራማሪዋ ቴሬዛ ቤታንኮርት በሴራሊዮን ከውጊያ የተመለሱ ልጆችን ለዓመታት ተከታትላ፣ የቤተሰብና የጎረቤት አቀባበል ማገገማቸውን በእጅጉ እንደሚያግዝ አረጋግጣለች።

ለእንዲህ ያለው መቀባበል የጉጂና የጌዴኦ ሕዝቦችም ደም የተፋሰሱ ወገኖች የሚነጹበትና የሚታረቁበት ጎንዶሮ የተባለ ሥርዓት አላቸው። ሥርዓቱን የሚመሩት ሽማግሌዎች ናቸው።