የጋራ ሥራችን በማን ስም ነው?

እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ እኔና አራት ልጆች ሆነን ለሕፃናት ፊደል መለማመጃ የስልክ መተግበሪያ ሠርተን ነበር። በነፃ ነው፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ትንሽ መዋጮ ሲመጣ በአንዱ ልጅ ኤም-ፔሳ ገባ፤ የመተግበሪያው ስምም በእሱ ኢሜይል ተመዘገበ። ከዚያ ልጁ ሦስተኛ አገር ደረሰውና ሄደ፣ ሲም ካርዱም ተዘጋ። ሌባ አይደለም፣ አንወቅሰውም። ግን ገንዘቡም ስሙም በዚያው ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያልተመዘገበ ስብስብ በብዙ አገር ሕጋዊ ሰውነት የለውም። በራሱ ስም የባንክ ሒሳብ አይከፍትም፣ ውል አይፈርምም። ክስ ቢመጣስ? የሚጠራው ስሙ የተገኘው ሰው ነው።

እድር የሚያውቅ ሰው መፍትሔው አይከብደውም። ድንኳኑና ሳህኑ የእድሩ ነው እንጂ የገንዘብ ያዡ አይደለም። በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ዓለምም ብዙ ፈቃደኞች ቀድሞ በተመዘገበ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ይገባሉ። አሜሪካ ውስጥ በ1997 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት ደቢያንን ይዟል፤ በ2006 የተቋቋመው ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ደግሞ ጊትንና ኢንክስኬፕን። ፋውንዴሽኑ ገንዘቡን በራሱ ሒሳብ ያስቀምጣል፣ ውሉን ይፈርማል፣ ስሙንም በንግድ ምልክትነት ይጠብቃል። ለዚህም የመጀመሪያው ከገቢው 5፣ ሁለተኛው 10 በመቶ ይወስዳል። ኮዱ እንዴት ይጻፍ የሚለው ግን የሠሪዎቹ ሆኖ ይቀራል። እኔ 10 በመቶው ውድ አይመስለኝም፤ እኛ 100 በመቶ ነው ያጣነው።

የስም ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሊብሬኦፊስን እዩት፤ በአማርኛ ምናሌም ይሠራል። መነሻው ኦፕንኦፊስ ነው። ባለቤቱ ኩባንያ ሰን በ2010 በኦራክል ሲገዛ ብዙ ፈቃደኞች በዚያው ዓመት ተለይተው ወጡ። ፈቃዱ ስለሚፈቅድ ኮዱን ይዘው ወጡ። ስሙ ግን የኩባንያው ነበርና አልተሰጣቸውም፤ ያን ያህል ዓመት የታወቁበትን ትተው አዲስ ስም አወጡ። ከዚያ በኋላ ስሙ በሰውም በኩባንያም እጅ እንዳይሆን ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ በርሊን ውስጥ በሕግ የተመዘገበው በ2012 ነው።

ፋውንዴሽን ሁሉን ይሸፍናል ማለት ግን አይደለም። የሌላ ሰው ኮድ ሰርቆ ያስገባ ሰው ራሱ ከመጠየቅ አይድንም። ከመፈረም በፊትም አንድ ነገር ጠይቁ፦ እንውጣ ብንል ስሙና ገንዘቡ የት ይሄዳል? በኮንሰርቫንሲ ውል መሠረት ወደ ሌላ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይዞራል እንጂ ወደ ማንም ኪስ አይገባም። ይህን የማይጽፍ ውል ከመጣ አትቸኩሉ።

እኛ ለማመልከት ገና ትንሽ ነን። ለጊዜው ማን ምን እንደያዘ በአንድ ገጽ ጽፈን አምስታችንም ፈርመናል፤ በሄደው ልጅ ቦታ አንዲት ተማሪዬ ገብታለች። የይለፍ ቃሉም በሁለት ሰው እጅ ነው። አዲሱን ስም ግን እስካሁን እየተከራከርንበት ነው።