የታቀደ ልግስና፦ ከዝርዝር ሳንቲም እስከ ዓመት ዕቅድ

ወር በገባ በ12ኛው ቀን የየካ ሚካኤል ደጅ በነጭ ነጠላ ይሞላል። ከቅጥሩ ውጭ ሳንቲም መንዛሪዎች ተቀምጠዋል። ምእመኑ የብር ኖቱን በዝርዝር ይለውጥና ግራና ቀኝ ለተሰለፉት ነዳያን አንድ አንድ እያለ ያድላል። ዝርዝሩ ሲያልቅ ልግስናውም ያበቃል፤ ማን ምን ያህል እንደደረሰው፣ ምን እንደሠራበት የሚጠይቅ የለም።

በውጭው ዓለም “ፕላንድ ጊቪንግ” የሚባለው አሠራር የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው። ሰጪው ከገቢው ስንቱን፣ ለማን፣ ለየትኛው ጉዳይና መቼ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይወስናል። በጠባብ ትርጉሙ ቃሉ በኑዛዜ ወይም በአደራ ለበጎ ሥራ የሚተላለፍ ንብረትን ያመለክታል። ሰፋ ሲል ደግሞ ደመወዝተኛውም ሆነ ነጋዴው የሚያወጣውን የግል የልግስና ዕቅድ ይጨምራል።

በአማርኛ “የታቀደ ልግስና” ቢባል ያስኬዳል። “ምጽዋት” የተዘረጋ እጅን ያስታውሳል፤ “እርዳታ” ከድርቅና ከስንዴ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። “ልግስና” ግን ስለ ሰጪው ይናገራል፦ ለጋስ ሳይለመንም ይሰጣል።

ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አሥራት ከአሥር አንድ ነው፤ የገንዘብ ዘካ 2.5 በመቶ። ስእለት የተሳለም ሰው ጃንጥላውን ወይም መጋረጃውን፣ የሚያገባበትን ደብርና ቀኑን አስቀድሞ ቆርጧል። በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከማኪያቷቸው ቀንሰው በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጡ የጠየቁትም በዚሁ ስሌት ነበር፤ ከጥሪው በኋላ የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ ተቋቋመ።

ዕቅድ ምን እንደሚለውጥ ለማየት ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን ሴቶች ማሰብ ይበቃል። መንገደኛው አዝኖ አሥር ብር ይሰጣል፤ ሸክሙ ግን ነገም ጀርባቸው ላይ ነው። ከተራራው ግርጌ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አባላት ጫካውን ትተው ሽመና ይዘዋል፤ የሸመኑትን ሻርፕም ይሸጣሉ። ልግስናውን የሚያቅድ ሰው አሥር ብሩን ከእንዲህ ያለ የሙያ ለውጥ ጋር ያነጻጽራል።

ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ፣ አያት አካባቢ፣ ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ይገኛል። ልደቱን፣ ሠርጉን ወይም የሟች ዘመዱን መታሰቢያ ቀን ቆርጦ ለነዋሪዎቹ ምሳ የሚያበላ ብዙ ነው። በማዕከሉ አጭር ቁጥር 8161 በሞባይሉ የሚለግስም አለ።

ሕጉም ለአቃጁ ይመቻል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜንም አደራንም ደንግጓል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነጋዴው ለበጎ አድራጎት የሰጠው ገንዘብ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ፣ በወጪ እንዲያዝለት ፈቅዷል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። ስለዚህ ሰጪው ድርጅቱን “ለቢሮ ስንት፣ ለተረጂው ስንት ወጣ?” ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ዕቅዱ ራሱ ከአንድ ገጽ አያልፍም። በወር 20,000 ብር የሚያገኝ ሰው 2 በመቶ ቢመድብ በወር 400፣ በዓመት 4,800 ብር ይሆናል። 200ው ለአንድ የሰፈር ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ይጠራቀም፤ 150ው ለአረጋውያን ማዕከል ይሂድ፤ በየስድስት ወሩም የት እንደደረሰ ይታይ። የቀረችው 50 ብር ያልታሰበ ችግረኛ ድርሻ ናት፤ ወሩ በገባ በ12 የየካ ሚካኤል ደጅ ላይ ትመነዘራለች።