ሁለት ሮብ የጠበቀ መልእክት

በምሥራቅ ጎጃም ያለፈ ሰው ሮብ ገበያን ያውቃታል። ስሟ ራሱ ቀጠሮ ነው። ሮብ ሲሆን ጤፉም፣ በጉም፣ ጨውም፣ የአገሩ ወሬም እዚያ ይገናኛል። "መቼ እንገናኝ?" ብሎ የሚጨነቅ የለም፤ "በሮብ" ካሉ አለቀ። ሰው ይቀር እንደሆነ እንጂ ሮብ ቀርታ አታውቅም። ይህን ያነሣሁት ግን ስለ ገበያ ለማውራት አይደለም። ቀጠሮ ስለማያውቅ ነገር፣ ስለ ስልክ አፕዴት ለማውራት ነው።

ጥር 2005 ዓ.ም. ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያው ወርጄ ነበር። አያ እያልኩ የምጠራቸው አንድ ሽማግሌ ዘመዴ ከገበያው መሐል አገኙኝና "መምህር፣ እስቲ ይቺን ነገር እይልኝ" አሉኝ። ከጋቢያቸው ሥር በመሐረብ የተጠቀለለች ስልክ አወጡ። አሜሪካ ያለው ልጃቸው በሰው እጅ የላከላቸው ናት፤ ሰፊ መስታወት ያላት፣ የምታምር ስልክ። በኪሴ የያዝኳት የእኔዋ ርካሽ ስልክ ለእሷ ሚዜ ለመሆን እንኳን አትበቃም።

መልእክቱን ከፈትኩት። ፊደል የለም። በፊደሉ ፋንታ ባዶ ባዶ ሳጥን እንደ ጡብ ተደርድሯል። በመካከሉ አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ በግልጽ ይነበባል።

"ልጄ የጻፈልኝ ነው" አሉ። "ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሀሁን በዚህች ጣቴ እያሳየሁ። ዛሬ ሳጥን ይላክልኝ?"

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ለካ ሳጥኖቹን ቆጥረዋቸው ኖሯል። "እየው፤ መጀመሪያ ሦስት ሳጥን። ከዚያ ክፍት። ከዚያ አምስት፤ እንደገና ክፍት፤ ከዚያ ሁለት። 'አባቴ እንደምን አሉ' ብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አልደረስኩበትም።"

እናንተዬ፣ ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለ አንባቢ ገጥሞኝ አያውቅም።

"ይህ መልእክት ከደረሰዎ ስንት ጊዜ ሆነው?" አልኳቸው። "ሁለት ሮብ አለፈው። ስልክ የሚጠግነው ልጅ 'አፕዴት ያስፈልጋታል፤ ፊደሉ ከአፕዴቱ ጋር ይመጣል' ስላለኝ እየጠበቅሁ ነው። ልጄም ሊደውል ሞክሮ ኔትወርክ እምቢ አለው መሰለኝ።"

ወደ ጠጋኙ ልጅ ሄድን። ልጁ ዋሾ አልነበረም። "ጋሼ፣ ስልኳ የአሜሪካ መሥመር ናት" አለኝ። "ተቆልፋ ነው የመጣችው፤ ቁልፉ አዲስ አበባ ተከፍቶላታል። አሁን የኛን ሲም ትቀበላለች። አፕዴቱን የሚለቅላት ግን ያ የአሜሪካው መሥመር ነው።" መቼ እንደሚለቅ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። "እሱን እንግዲህ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።"

እንግዲህ ይህች ነገር ከነከነችኝ። አንድ የሮብ ገበያ ሽማግሌ የልጃቸውን ደብዳቤ እንዳያነቡ ያደረገ፣ ስሙን የማያውቁት፣ ስማቸውንም የማያውቅ ድርጅት እንዴት በመካከላቸው ሊገባ ቻለ? አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩን ከሥሩ መፈለግ ያዝኩ።

በመካከል የሚቆም ሰው በስልክ ታሪክ አዲስ አይደለም። በአገራችን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ መሥመር መዘርጋት የተጀመረው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከክፍለ ሀገር የሚደውል ሰው ስልክ ቤት ሄዶ ይመዘገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ኦፕሬተሯ ስሙን እስክትጠራ ይጠብቅ ነበር። መጠበቁ መጠበቅ ነው፤ ግን ኦፕሬተሯ ፊት ለፊትህ ነበረች። "እህቴ፣ የታመመ ሰው አለብኝ፤ እባክሽ አስቀድሚኝ" ማለት ይቻላል። የዛሬው ባለ መካከል ፊትም፣ መስኮትም የለው።

ይኸኛው እንዴት እንደመጣ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2007 አፕል የመጀመሪያውን አይፎን ሲያወጣ በአሜሪካ የሸጠው ከኤቲ ኤንድ ቲ ጋር ተዋውሎ ነው፤ አፕዴቱን ግን ለማንም ሳይሰጥ በራሱ እጅ አስቀረው። በዓመቱ፣ በ2008፣ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ በቲ ሞባይል በኩል ለገበያ ቀረበ። አንድሮይድን የሚሠራው ጎግል ሲሆን መንገዱ የአፕል ተቃራኒ ነበር፤ ሶፍትዌሩን ለፈለገ አምራች ሁሉ ክፍት አደረገው። በዚህ ምክንያት ርካሽ ስማርት ስልክ ዓለምን አዳረሰ። እኛም ጋ ደረሰ። መልካም ነገር ነው፤ ግን ዕዳም ነበረበት።

ዕዳው የቅብብሎሹ ርዝመት ነው። ጎግል አዲስ አንድሮይድ ሲያወጣ የቺፑ አምራች መጀመሪያ ከቺፑ ጋር ያስማማዋል። የስልኩ አምራች ተቀብሎ የራሱን መልክና ጌጥ ይጨምርበታል። ከዚያ ለስልክ መሥመር ኩባንያው ይሰጣል። ኩባንያው በበኩሉ በኔትወርኩ ላይ ይፈትሸዋል፤ የራሱን ፕሮግራሞች ይጭንበታል፤ ስሕተት ካገኘ ወደ አምራቹ ይመልሰዋል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው ተራ በተራ ለደንበኛው የሚለቀቀው። አንዱን ዓይነት ስልክ አራት ኩባንያ ከሸጠው አራት ጊዜ ይፈተሻል፤ ጎረቤትህ አፕዴቱን አግኝቶ አንተ በዚያው ስልክ ወራት ትጠብቃለህ።

ፍተሻው ከንቱ ነው አልልም። ስልክ የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚደረግበት ዕቃ ነው፤ በአንድ ሌሊት አፕዴት የብዙ ሰው ጥሪ ቢበላሽ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ፍተሻው ውስጥ ሌላ ሒሳብ ተደብቋል። የተሸጠ ስልክ ተሸጧል። አፕዴት መሥራት ወጪ ነው፤ ገቢ የለውም። እንዲያውም ደንበኛው አሮጌው ከታከተው አዲስ ስልክ ከአዲስ ውል ጋር ይወስዳል። እንዲህ ባለ ሒሳብ ማን ይቸኩላል?

ቅሬታው ስለበዛ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2011 ጎግል በዓመታዊ ጉባኤው ታላላቆቹን አምራቾችና የስልክ ኩባንያዎች አሰልፎ ቃል አስገባ፦ አዲስ ስልክ ከወጣ በኋላ ለ18 ወር፣ ስልኩ እስከቻለ ድረስ፣ አፕዴት ይደርሰዋል ተባለ። ጭብጨባው ደመቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ስምምነቱ የሚያወራ እየጠፋ፣ ነገሩ ሳይፈርስም ሳይጸናም ቀረ። እኛ አገር "ኮሚቴ ተቋቁሟል" ሲባል እንደምናውቀው ዓይነት መሆኑ ነው።

የአያን ሳጥን የፈጠረው ይህ ነው። የግዕዝ ፊደላችንን ጉዞ ደግሞ ከዚህ ጎን አስቀምጡት። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ቁጥር ነበረው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ፣ በ3.0 እትም፣ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ "ኒያላ" የተባለውን የፊደል ቅርጽ ጨመረ። በስልክ በኩል አሮጌዎቹ፣ በ2 ቁጥር የሚጀምሩት አንድሮይዶች፣ የግዕዝ ፊደል አልነበራቸውም፤ ፊደሉ አብሮ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ በወጡት ባለ 4 ቁጥሮቹ ነው። የአያ ስልክ ባለ 2 ነበረች። ስንት ምሁር የደከመበት ፊደል በመዝገብ ከገባ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎት፣ ሶፍትዌሩም ተሠርቶለት፣ ሲያበቃ አንድ የመሥመር ኩባንያ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ። የእኛ ስልክ ደግሞ ከኩባንያው መሥመር ወጥታ ሮብ ገበያ ገብታለች፤ አፕዴቱ ቢለቀቅስ በየት በኩል ያገኛታል?

ሰዎቹን ከእንቅልፍ የቀሰቀሳቸው ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድሮይድ ውስጥ "ስቴጅፍራይት" የተባለ ቀዳዳ ተገኘ። ክፉ ሰው በሚልከው የቪዲዮ መልእክት ብቻ ስልክህ ውስጥ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ቀዳዳውን ያገኙት ባለሙያዎች 950 ሚሊዮን የሚያህሉ ስልኮች ለአደጋው የተጋለጡ መሆናቸውን ገመቱ። መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ ግን መድኃኒቱ በዚያው ረጅም ቅብብሎሽ ማለፍ አለበት። ያኔ ነው ጎግል በየወሩ የደኅንነት አፕዴት ማውጣት የጀመረው። በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ሁለት መሥሪያ ቤቶች፣ አንዱ የስልክ ኩባንያዎቹን፣ ሌላው አምራቾቹን "ለምን ትዘገያላችሁ?" ብለው በጽሑፍ ጠየቁ። በ2017 ጎግል የአንድሮይድን ውስጠኛ አሠራር ለውጦ የቺፑ አምራች ሥራ ከተቀረው እንዲለይ አደረገ። በ2019 ደግሞ አንዳንዱን ክፍል አምራቹንም ሆነ የመሥመር ኩባንያውን ሳይጠብቅ በቀጥታ የሚያድስበትን መንገድ ከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ጎግል በ2023፣ ሳምሰንግ በ2024 ላወጧቸው ውድ ስልኮች የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በቃል አልታመነም፤ ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው ለሚቀርቡ ስማርት ስልኮች፣ የስልኩ ሽያጭ ካቆመበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ አምስት ዓመት አፕዴት እንዲሰጥ ሕግ አወጣ። አስተውሉ፤ ከ18 ወር ቃል ተነሥቶ ሕግ እስከሚሆን አሥራ አራት ዓመት ፈጅቷል። የተሻሻለውም አምራቹ በራሱ ደግ ሆኖ አይደለም፤ የሚጠይቅ ስለተገኘ ነው።

እኛስ? እኛ ስልክ የምንገዛው አብዛኛውን ጊዜ ከሱቅ፣ ያልተቆለፈ ነው። ስለዚህ በአፕዴቱ መንገድ ላይ የሚቆምብን የራሳችን መሥመር አይደለም። የእኛ ችግር ሌላ ነው፤ የሌላውን አገር ዕድሜ የጨረሰ ስልክ እንረከባለን። ያገለገለ ስልክ ስንገዛ ካሜራውን እናያለን፣ ባትሪውን እንጠይቃለን፤ "አፕዴቱ እስከ መቼ ነው?" የሚል ሰው አላየሁም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ስልክ ኪስ ቦርሳም ሆኗል። የባንኩ መተግበሪያ "ስልክዎ አሮጌ ነው" ብሎ እምቢ ያለው ሰው፣ ወይም ቀዳዳው ባልተደፈነ ስልክ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስ ሰው፣ የአያን ሳጥን በሌላ መልኩ ተሸክሞታል። ኢንተርኔቱም ዋስትና የለውም፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ አዲስ ስልክ የያዘውም ሰው አፕዴቱ ተቋርጦበታል።

አሁን ወደ አያ መልእክት ልመለስ። የዚያን ዕለት ጠጋኙ ልጅ ደጃፍ ቆመን ሳለ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። መልእክቱን እንዳለ ከእሳቸው ስልክ ወደ እኔው ርካሽ ስልክ አስተላለፍኩት። የእኔዋ ቴክኖ ነበረች፤ ቴክኖ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ስልክ ሲገጣጥም አማርኛ አስገብቶበታል። ሚዜ አትሆንም ያልኳት ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸች። አወጣኋት። ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ተደርድሯል።

"አባቴ እንደምን አሉ" ይላል። አያ ቀና ብለው ዐዩኝ፤ አልተሳሳቱም ነበር። ቀጥዬ አነበብኩላቸው፦ "ለእማዬ ዐይን ማሳከሚያ ብር ልኬያለሁ። ቁጥሩን ይዘው ባንክ ይሂዱ። አይዘግዩ።" በሳጥኖቹ መካከል በግልጽ ሲነበብ የነበረው ቁጥር የገንዘቡ መቀበያ ነበር። ሁለት ሮብ ሙሉ በመሐረብ ተጠቅልሎ ከጋቢያቸው ሥር ተቀምጧል። እናትየው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ዐይናቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ቤት ውስጥ ነበሩ።

አያ ምንም አላሉም። ስልካቸውን ጠቅልለው መልሰው ከተቱና "እንግዲህ ባንኩ ሳይዘጋ" ብለው መንገድ ጀመሩ። ገንዘቡ ተገኘ፤ እናትየውም ታከሙ፤ ተመስገን ነው። አፕዴቱ ግን አልመጣም። በኋላ ስጠይቃቸው ያች የምታምር ስልክ ለማታ መብራት ብቻ እንደምታገለግል ነገሩኝ።

አሁን ለዘመድ ስልክ ለመላክ የሚያማክረኝ ሰው ሲመጣ፣ "ተቆልፋ ነው ወይ? አፕዴቷ እስከ መቼ ድረስ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። አያ ከዚያ ወዲህ አዲስ ስልክ ባዩ ቁጥር የሚጠይቁት ግን አንድ ነው፦

"ፊደል አላት?"